በምላጭ ያዳንኩት ሰው

ዕድሜዬን ሙሉ ስኮራበት የኖርኩትን አንድ ወሬ ባለፈው ሰሞን ጋሳይና ክምር ድንጋይ መካከል፣ ሚኒባስ ውስጥ ተቀማሁ። የቀማችኝ አጠገቤ የተቀመጠች፣ ጭኗ ላይ የዘይት ጀሪካን ያቀፈች፣ አምሳ ዓመት ግድም የሚሆናት ሴት ናት። አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። ወሬዬን እስክጨርስ ጠበቀችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ እኔም መለስኩላት። ይኸው ከዚያ ቀን ወዲህ እህል በአግባቡ አልበላልኝ ብሏል።

ከደብረ ታቦር የተሳፈርኩት ንፋስ መውጫ የእኅቴ ልጅ ስለምትዳር ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከቤት የሚያስወጣኝ ወይ ሠርግ ወይ ልቅሶ ነው፤ ይህኛው ሠርግ በመሆኑ ደስ ብሎኝ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሼ፣ ሽቶ ተቀብቼ፣ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ማልጄ ይዤያለሁ። ጊዜው እንደምታውቁት ነው። መንገዱ ዛሬ ቢከፈት ነገ ይዘጋል፣ ስልኩ መጣ ሲሉት ይጠፋል፣ ሰውም ከማያውቀው ሰው ጋር ሲያወራ ከዝናብና ከጤፍ አልፎ አይሄድም። ሹፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። የነዋሪዎች አስተያየት የሚሉት ነገር ነበር። አምስት ሰዎች ስለ ጦርነቱ ተናገሩ፤ አምስቱም አንድ ነገር አሉ። የእኔ ጆሮ ደግሞ የሬዲዮ ሥራ ያበላሸው ጆሮ ነውና ከሚናገሩት ይልቅ የሚተነፍሱትን ይሰማል። አራተኛው ሰውዬ ትንፋሽ ስቦ ሊቀጥል ሲል ድርግም አለና የሌላ ሰው ድምፅ ገባ።

"ቆረጡት" አልኩ ሳላስበው።

ባለጀሪካኗ ዞር ብላ ማንን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰውዬው አልጨረሰም፣ "ግን" ሊል ነበር አልኳት። አተኩራ አየችኝና ድምፅዎን የማውቀው ይመስለኛል አለች። አይ ደስታዬ! ድምፅሽን አውቀዋለሁ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ስንት ዘመኔ። ድሮ ገበያ ገብቼ ሽንኩርት ስንት ነው ስል ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ነበር፤ ዛሬ የገዛ የእኅቴ ልጆች እንኳ ሬዲዮ ጣቢያ ስትሠሪ ምን ትሠሪ ነበር ይሉኛል። ሴትዮዋ ከአርብ ገበያ አካባቢ መሆኗን ስትነግረኝማ ጭራሽ ባሰብኝ። እኔ እኮ አርብ ገበያ አንድ ገበሬ በምላጭ ያዳንኩ ሰው ነኝ አልኳትና ሳትለምነኝ ጀመርኩ።

ያን ጊዜ ሃያ አምስትም አልሞላኝ። ጎፈሬዬ በበር አያስገባም፣ ሱሪዬ ከጉልበት በታች ሰፍቶ መሬት ይጠርጋል፣ እግሬ ላይ ባለተረከዝ ጫማ አለ፤ ይህን ሁሉ ለብሼ ነው እንግዲህ የጋይንትን ዳገት የምወጣውና የምወርደው። ጣቢያችን "ከገበሬው ደጃፍ" የሚል ዝግጅት ነበረው። መቅረጫዬን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ አንዱን ጊዜ እስቴ፣ አንዱን ጊዜ ስማዳ፣ አንዱን ጊዜ ጋይንት እሄዳለሁ፤ ላንድሮቨሩ ያልቻለውን በበቅሎ እጨርሰዋለሁ። ንፋስ መውጫ አልጋ ሁለት ብር ነበር፣ የከተማውን ብርድ ለሚያውቅ ደግሞ ተጨማሪ ብርድ ልብስ በስሙኒ ይከራያል። ሻይ አሥር ሳንቲም ሆኖ ማንኪያው ቆሞ እስኪቀር ስኳር ይጨምሩልሃል። ከአውቶቡስ መቆሚያው ማዶ፣ ጥጉ ላይ፣ ባትሪና ፋኖስ፣ ኮንጎ ጫማና አሞሌ ጨው አንድ ላይ የምትሸጥ ሱቅ ነበረች። ባለቤቱ ያለው ካሴት አንድ ብቻ ነው፤ ስለ ቀጠሮና ስለ ዝናብ የሚዘፍን ሰውዬ ካሴት። ቀኑን ሙሉ ያስጮኸዋል፤ ከመደጋገሙ ብዛት ክሩ ተለጥጦ ዘፋኙ መሃል ላይ ሲደርስ ድምፁ እየወፈረ የሚያንቀላፋ ይመስል ነበር። አሁን በዚያ ጥግ የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ልጅ አለ፤ ባጃጆች ፊት ለፊቱ ተደርድረው እየተጨቃጨቁ ተሳፋሪ ይጣራሉ። ሳልፍ ሁልጊዜ ዞር ብዬ አያለሁ።

ጦርነቱ የትኛው እንደነበር አትጠይቁኝ፤ በእኛ ዕድሜ ጦርነቶች ስማቸውን ተለዋውጠዋል። ብቻ በየደብሩ ወጣት የሚጠየቅበት ጊዜ ነበር። አንድ አርብ፣ ገበያው ሳይበተን፣ አርብ ገበያ ላይ ስብሰባ ተጠራና እኔም ለዝግጅቴ ድምፅ ልቀዳ ሄድኩ። የተናገሩት ሁሉ አስቀድሞ የተነገራቸው ሰዎች ነበሩ። አንዱ የተናገረውን ሌላው ይደግመዋል፣ ካኪ የለበሰው ሰብሳቢ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ቀዳሁት፤ ግን የቀዳሁት የተማሪ ቤት ውዳሴ እንጂ የሰው ንግግር አልነበረም። ተበሳጭቼ ወደ ገበያው ዳር ስወጣ አንድ ባና የደረቡ ጎልማሳ ያልተሸጠ ገብሳቸውን መልሰው አህያ ላይ ሲጭኑ አገኘሁ። አያ ሞላ ነበር ስማቸው፣ በደብራቸው የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ሙሴ። ይህን የማያውቅ ካለ፣ ጽዋ ማኅበር በየወሩ በተራ በየአባሉ ቤት የሚጠጣ ነው፣ ሙሴው ደግሞ የማኅበሩ አለቃ፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ፣ የቀረውን የሚጠይቅ። ስብሰባው ላይ ዕድል አልተሰጣቸውም። ማይኩን ጠጋ ሳደርግላቸው ጭነቱን ሳይለቁ፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ ተናገሩ። ከእኔ ሌላ የሰማቻቸው አህያዋ ብቻ ናት።

"አገር ከተነካማ ልጄን አልሸሽግም" አሉ። "የእኔ ልጅ ከማን ልጅ ይበልጣል? አብልቼ ያሳደግሁት ለቁም ነገር ነው።" ጫኛውን አጠበቁና ቀጠሉ። "ግን ከልጅ በፊት ሽማግሌ ይሂድ። እኛ ጋ ደም ሲፈስ እንኳ መጀመሪያ የሚላከው መስቀል የያዘ ቄስ ነው። ባለደሙ አልሰማም ካለ ያን ጊዜ የሚሆነው ይሆናል። ወዲያ ማዶ ያለውም እናት አለችው። ይህ ሳይሞከር ልጅ አምጡ ማለት ደግ አይደለም።"

ሥራ ክፍል ተመልሼ ድምፁ የተቀዳበትን ክር፣ ሪሉን፣ ስሰማው ፀጉሬ ቆመ። ድምፃቸው ወፍራም፣ ርጋታቸው የተለየ፣ ከበስተጀርባ የገበያው ጫጫታ ያለበት፤ እንዲህ ያለ ድምፅ በዓመት አንዴ አይገኝም። አለቃዬ ሰሙና መጀመሪያውን ወደዱት፣ ሁለተኛውን ግን ቆርጠሽ ጣዪው አሉኝ። ግድግዳቸው ላይ የተለያየ አስተያየት ይስተናገድ የሚል ደንብ በጥቁር ቀለም ተጽፎ ተሰቅሎ ነበርና እሱን አሳየኋቸው። ሳቁ። ሌላውን ወገን ጠላት በራሱ ሬዲዮ ያሰማዋል፣ እኛ የእኛን እናሰማ አሉኝ። ደግሞስ ይህ ቢወጣ ሰውዬውን አታስበልዪውም ወይ ሲሉኝ አመንኳቸው። ነገሩ እውነት ነበር፤ ከዚያ ባነሰ የታሰረ ሰው አውቃለሁ። ተቀመጥኩና ሪሉን በእጄ ወደፊትና ወደኋላ እያንቀረፈፍኩ "ለቁም ነገር ነው" የሚለው የሚያልቅበትን ቦታ ፈለግሁ። በነጭ እርሳስ ምልክት አደረግሁ። በምላጭ ሰያፍ ቆርጬ በቀጭን ፕላስተር አጣበቅሁት። እዚያች ቤት ውስጥ እንደ እኔ የሚቆርጥ አልነበረም፤ ትንፋሹን እንኳ ጠብቄ፣ ሰውዬው የሚሉትን ብለው በእርጋታ ዝም ያሉ እንዲመስሉ አድርጌ ነው የጨረስኩት። ዝግጅቱ ወጣ፣ የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈልኝ፣ እኔም ከዚያ በኋላ በየሠርጉና በየግብዣው፣ ቁራጯን ሪል ኪሴ ውስጥ ደብቄ ወጥቼ ወንዝ ላይ እንደጣልኳት፣ አንድ ገበሬ ከእስር እንዳዳንኩ ሳወራ ኖርኩ። ሰው ይስቃል፣ ጎበዝ ነሽ ይለኛል፣ ብርጭቆዬ ይሞላል። ወንዟን ኋላ የጨመርኳት ነች።

ለሴትዮዋም እንዲሁ ወንዟ ሳትቀር አወራሁላት። አልሳቀችም። ጀሪካኗን ከጭኗ ላይ አውርዳ እግሯ ሥር አስቀመጠችና፣

"የሰውዬው ስም ማን ነበር?" አለችኝ።

"ሞላ። አያ ሞላ ነበር የሚሏቸው።"

"አባቴ ነው" አለች።

እንዴት ያለ ግጥምጥሞሽ ነው ብዬ እጇን ያዝኩ። ምስጋና ነበር የጠበቅሁት፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ምናልባት አባቷ በሕይወት ካሉ ልትወስደኝ፣ ማር ሊያስልሱኝ ሁሉ አስቤያለሁ። እጇን ቀስ ብላ አወጣችና ትርንጎ እባላለሁ አለችኝ፤ ከዚያ ክምር ድንጋይን አልፈን የጉና ብርድ በመስኮት እስኪገባ ድረስ፣ ወደ መስኮቱ እያየች ነገረችኝ።

አባቷ ያን አርብ ቤት ሲገቡ ደስ ብሏቸው ነበር። ለሬዲዮዋ ልጅ ተናግሬያለሁ አሉ። ምን እንዳሉ የማኅበሩ ሰዎች ቢጠይቋቸው ከእኔ አፍ ከምትሰሙት ከሬዲዮው ብትሰሙት ይሻላል፣ ሬዲዮ ያለው ነገር ክብደት አለው አሏቸው። ዝግጅቱ የሚወጣበት ቀን ደግሞ ሚካኤል ሆነ፣ ተራውም የእሳቸው ቤት ነበር። በግ ሸጠው የገዟትን የቆዳ ልብስ ያላትን ሬዲዮ አዲስ ባትሪ አስገብተው ከጽዋው አጠገብ አስቀመጧት፤ ማኅበርተኛው ከነሚስቱ ተሰብስቦ ዝም ብሎ ጠበቀ። እኔ በዚያች በምኮራባት ድምፄ የገበሬውን ስምና ደብር ጠርቼ አስገባኋቸው። ልጄን አልሸሽግም። አብልቼ ያሳደግሁት ለቁም ነገር ነው። ከዚያ ሌላ ሰው ገባ። አያ ሞላ ገና አለ፣ ቆይ ገና አለ ይሉ ነበር አለች ትርንጎ፤ ዝግጅቱ አልቆ ሙዚቃ እስኪመጣ ድረስ በእጃቸው ሰውን ዝም እያሰኙ ሬዲዮዋ ላይ አጎንብሰው ቀሩ። ጽዋው ሳያልቅ ሰው ተነሥቶ ሄደ።

በሳምንቱ የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ ሙሴያችሁ በሬዲዮ ተናግሯል፣ እንግዲህ ማን ወደኋላ ይላል አለ። ከደብሩ ልጆች ተወሰዱ። የመጀመሪያው የአያ ሞላ ልጅ፣ የትርንጎ ታላቅ ወንድም ነበር፤ አባት በሬዲዮ ከተናገረ በኋላ ልጅ በየት በኩል ይቀራል? አልተመለሰም። ሌሎቹም አልተመለሱም። በተከታዩ ወር ጽዋው በሌላ ሰው ቤት ተጠጣ፣ አያ ሞላን ግን የጠራቸው የለም። መርዶው ሲመጣ ጎረቤቱ ለልቅሶው መጣ፤ ለልቅሶ ማን ይቀራል። ግን አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ልጆቻችንን ያስበላ ሰው ተባሉ። እሷም ስታገባ ባል ከሩቅ አገር ነው የተገኘላት፤ ቅርብ ያለው የሞላን ልጅ አልፈለጋትም።

ለማዳን ነው ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት። እዚያው ወንበር ላይ ነው የገባኝ፦ ላድናቸው ብፈልግ ኖሮ ሙሉውን ሪል መጣል እችል ነበር። ማን ያውቅ ነበር? ሸምድደው የተናገሩ ሌሎች አሥር ሰዎች ነበሩኝ። ያልጣልኩት የአያ ሞላ ድምፅ ስላሳሳኝ ነው። ትርንጎ ከመውረዷ በፊት አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ አባቷ አሁንም በሕይወት አሉ፣ ማኅበሩም ሚካኤል ይጠጣል፣ ያንን ለእኔ የነገሩኝን መጥተው ይንገሩልኝ አለች። እሺ አልኳት። ሠርጉ ላይ ተቀምጬ የበላሁትን አላውቀውም። ከሙሽራው ወገን የሆነ ሰው እስቲ ያቺን የምላጯን ወሬ ሲለኝ ራሴን አሞኛል ብዬ ተነሣሁ።

በሚካኤል ዕለት ቁልቁል ወደ አርብ ገበያ ወረድኩ። ትርንጎ ከመኪናው መቆሚያ ተቀበለችኝና በእግር ጥቂት ሄደን ከቤታቸው ደረስን። አያ ሞላ መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ያ ያኔ ባና የደረበው ትከሻ ሟሙቶ የለም፤ ዓይናቸውም ደክሟል። እንደምን ዋሉ ስላቸው ቀና አሉና ይቺን ድምፅ አውቃታለሁ አሉ። ከእግራቸው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነገርኳቸው፤ አለቃዬን፣ ምላጩን፣ ደብዳቤውን። ወንዝ የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ ቁራጩን ሥራ ቤቱ ወለል ላይ ትቼው የጽዳት ሠራተኛዋ እንደጠረገችው ጭምር ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ቢረግሙኝም ተዘጋጅቻለሁ። የጠየቁኝ ግን ሌላ ነው።

"ተናግሬው ነበር ማለት ነው?"

አልገባኝም። ምኑን አልኳቸው።

"ሽማግሌ ይሂድ ያልኩትን። ከአፌ ወጥቶ ነበር?"

"ወጥቶ ነበር፣ አያ ሞላ። መስቀል የያዘ ቄስ ይላካል ብለዋል። ወዲያ ማዶ ያለውም እናት አለችው ብለዋል።"

"እኔ እኮ ፈርቼ የዋጥኩት መስሎኝ ነበር" አሉ። "በፊት በፊት ተናግሬያለሁ እያልኩ እሟገት ነበር። ኋላ ግን ድምፁም የእኔ፣ አጨራረሱም የእኔ ሆነብኝ። መንገድ ላይ በልቤ ያልኩትን ለልጅቷ የነገርኳት መስሎኝ ነው አልኩ። ፈሪ ሆኜ ልጄን ቀበርኩ ብዬ ነው የኖርኩት፣ ልጄ።"

ብዙ ነገር ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያች ቀን የደነገጥኩበት ግን የለም። ስማቸውን ማጥፋቴን መኪና ውስጥ ሰምቼ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። የገዛ ራሳቸውን እንዳያምኑ ማድረጌን ግን ማን አሰበው። ያን ሁሉ የተራቀቅሁበት፣ ትንፋሽ የጠበቅሁበት አቆራረጤ የሠራው ሥራ ይኸው ነው። እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። አያ ሞላ ግን እኔን ለማባበል ጊዜ አልነበራቸውም። ትርንጎን ዱላዬን አቀብዪኝ አሏትና ተነሡ።

ጽዋው የሚጠጣበት ቤት ቅርብ ነበር። አያ ሞላ ደጃፉ ላይ ሲቆሙ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው፤ ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ ገብተው እንኳ አይተዋቸው አያውቁም። ይግቡ ሲሏቸው መጀመሪያ ይቺን ስሟት አሉና ደጃፉ ላይ ቀሩ። የሬዲዮዋ ሴት እኔ ነኝ ብዬ ጀመርኩ። አያ ሞላ ያኔ ያሉትን የመጀመሪያውንም የሁለተኛውንም፣ ሁለቱን አንድ ላይ ተናገርኩ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ አልኩ። ያኔ ከነበሩት የቀሩት አራት ናቸው፤ ሦስት ሽማግሌዎችና አንዲት መነኩሴ፣ እማሆይ ጥሩወርቅ የሚባሉ። ልጃቸው ከሄዱት አንዱ ነበር፤ ከመርዶው በኋላ ነው ቆብ የደፉት። መጀመሪያ የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

"እኔም ያንኑ ነበር የማስበው" አሉ። "ሽማግሌ ሳይሄድ ልጅ ይሄዳል ወይ እያልኩ ውስጤ ይሟገት ነበር። ሙሴያችን እንኳ በሬዲዮ ከሰጠ፣ እንዲህ የማስበው እኔ ብቻ ነኝ፣ አጥፍቻለሁ አልኩ። አፍሬ ዝም አልኩ። ስንቁን ቋጥሬ በእጄ ነው የሰጠሁት።"

ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ መሬት መሬት እያዩ እኔም አሉ። ሁለተኛውም እኔም አሉ። ሦስተኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። አያ ሞላ ደጃፉን ተደግፈው አንድ በአንድ ያይዋቸዋል። አንዱ ወጣት ተነሥቶ ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸውና እማሆይ አጠገብ አስቀመጣቸው፤ ሌላው ጽዋውን አቀበላቸው። አልጠጡም፣ በሁለት እጃቸው ይዘውት ቀሩ።

እማሆይ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለሽ እሱ ብቻ ነበር?"

አዎ፣ እሳቸው ብቻ ነበሩ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ያኔ እስቴ ላይ ማረሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ ያናገረኝ ሰውዬ ትዝ አለኝ። ስማዳ ላይ ሕፃን አዝላ ያናገረችኝ ሴት ትዝ አለችኝ፤ ላይ ጋይንት ስሙን የረሳሁት ዲያቆን ትዝ አለኝ። አንዱን ወር አንዱ፣ ሌላውን ወር ሌላው እያለ ስለመጣብኝ፣ አንዳንድ ያፈነገጠ ሰው አይጠፋም እያልኩ ነበር የማልፈው። ድምፃቸው እንደ አያ ሞላ አላማረኝም ነበርና የእነሱን ሙሉውን ጥዬዋለሁ።

"በየሄድኩበት ነበሩ፣ እማሆይ" አልኳቸው።